ጋሌን፦ ዘይትና ውሃን ያስታረቀው ሐኪም

ይህንን ጽሑፍ እንድጽፍ ያነሳሳኝ አንድ ብልቃጥ ቅባት ነው። ነገሩ እንዲህ ነው። ባለፈው ሴሚስተር ለቡድን ሥራ አራት ተማሪዎች ሆነን የፊት ክሬም ለመሥራት ተነሳን። ሐሳባችን ቀላል ነበር። ፋብሪካ የሚያመርታቸውን ኢመልሲፋየሮች እርግፍ አድርገን ትተን፣ በንብ ሰም፣ በወይራ ዘይትና በውሃ ብቻ እንሠራለን አልን። ቀመሩ ጋሌን የሚባል የጥንት ሐኪም ቀመር ነው ሲባል ሰምተን ነበርና 1800 ዓመት የቆየ ነገር እንዴት ይበላሻል ብለን ተማመንን። ሰሙን የሰጡን የአንዷ ጓደኛችን እናት ናቸው፤ ከጠጅ የተረፈውን ሰፈፍ አቅልጠውና አጥልለው ያስቀመጡት ነበር።

ክሬሙ ሲወጣ ነጭና ለስላሳ ሆነ። በጣም ደስ አለን። በማግስቱ ላዩ ላይ ላብ የመሰለ ጠብታ አየን። በሦስተኛው ቀን ከሥሩ ውሃ አቆረ። በሁለተኛው ሳምንት አረንጓዴ ሻጋታ አወጣ። የከፋው ግን ይህ አልነበረም። አንዲት የዶርም ጓደኛችን ከዚያው ብልቃጥ ፊቷን እየተቀባች ነበርና ጉንጯ ሽፍ አለባት። የተፈጥሮ ስለሆነ ምንም አያደርግሽም ብለን የሰጠናት ደግሞ እኛው ነን።

ታዲያ ጥፋቱ የጋሌን ነው ወይስ የእኛ? ይህ ጥያቄ አላስተኛ ቢለኝ የሰውየውን ታሪክ ማገላበጥ ጀመርኩ። ያገኘሁትን እንደሚከተለው አቀርባለሁ። በጽሑፉ ውስጥ ያሉት ዓመታት በሙሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር መሆናቸውን አስቀድሜ ልጠቁም።

የጴርጋሞኑ ልጅ

ጋሌን በ129 ዓ.ም. በጴርጋሞን ከተማ ተወለደ። ጴርጋሞንን መጽሐፍ ቅዱስ ያነበበ ሁሉ ያውቃታል፤ በዮሐንስ ራእይ ላይ መልእክት ከተላከላቸው ከሰባቱ የእስያ ከተሞች አንዷ ናት። ዛሬ ቤርጋማ ትባላለች፣ የምትገኘውም በምዕራብ ቱርክ ነው። በዚያን ጊዜ በሮም ግዛት ሥር የነበረች ሀብታም የግሪኮች ከተማ ስትሆን፣ አስክሊፒዮስ የሚባለው የፈውስ አምላክ ዝነኛ መቅደስ ነበራት። ሕመምተኞች ከሩቅ አገር እየመጡ መቅደሱ ግቢ ውስጥ ያድራሉ፤ በሕልማቸው መድኃኒት እስኪነገራቸውም ይጠብቃሉ። የአገራችንን የጠበል ቦታ ያየ ሰው ሁኔታውን ለመገመት ብዙ አይቸገርም።

አባቱ ኒቆን የሕንፃ ባለሙያ ሲሆን ሒሳብና ጂኦሜትሪ የሚወድ፣ ባለ እርሻና ባለጸጋ ሰው ነበር። ጋሌን ስለ አባቱ ሲጽፍ የዋህነቱንና ፍትሐዊነቱን ደጋግሞ ያነሳል። ስለ እናቱ ሲጽፍ ግን ምሕረት የለውም፤ ቁጡ እንደነበረች፣ ሠራተኞችን እስከመንከስ ትደርስ እንደነበርና ከአባቱ ጋርም ዘወትር ትጨቃጨቅ እንደነበር ይናገራል። እሱ ራሱ የአባቱን ፈለግ ለመከተል እንደወሰነ ቢገልጽም፣ የተከራካሪነቱን ነገር ስናይ ከእናቱም ትንሽ ሳይወርስ አልቀረም።

ስለ አባቱ ካነበብኩት ውስጥ አንድ ነገር ከልቤ አልወጣም። ኒቆን በስተርጅናው ወደ እርሻ አዘነበለ። በዚያን ጊዜ ስንዴ ወደ እንክርዳድ ይለወጣል የሚል ወሬ ነበር። እሱ ወሬውን ዝም ብሎ አልተቀበለም። ዘሩን አንድ በአንድ አስለቅሞ፣ ባዕድ ፍሬ የሌለበት ንጹሕ ስንዴ ዘርቶ ውጤቱን ጠበቀ። እንክርዳድ በቀለ። ስለዚህ ይለወጣል ብሎ ደመደመ። ድምዳሜው ስሕተት እንደነበረ ዛሬ እናውቃለን፤ እንክርዳድ ከስንዴ አይወለድም። መንገዱ ግን ትክክል ነበር። ልጁም ከአባቱ የወሰደው ይህንኑ መንገድ ነው፤ አልፎ አልፎ ከነስሕተቱ።

ኒቆን ልጁን መጀመሪያ ያስተማረው ፍልስፍናና ሒሳብ ነበር። ጋሌን 17 ዓመት ገደማ ሲሆነው ግን አባትየው በሕልሙ ልጁን ሕክምና እንዲያስተምር የሚነግረው ራእይ አየ። ከዚያ በኋላ ጋሌን ሁለቱንም ጎን ለጎን ማጥናት ጀመረ። ሕይወቱን ሙሉም ጥሩ ሐኪም ፈላስፋም መሆን አለበት ብሎ ሲከራከር ኖሯል።

ትምህርት ፍለጋ

ጋሌን 20 ዓመት ሳይሞላው አባቱ ሞተ። በቂ ሀብት ስለተወለት ሥራ ለመያዝ አልተጣደፈም። መጀመሪያ ወደ ሰምርኔስ፣ ከዚያ ወደ ቆሮንቶስ፣ በመጨረሻም ወደ ግብጿ እስክንድርያ ሄደ። እስክንድርያ የተመኛት ከተማ ነበረች፤ የሰውን አጥንት በዓይን አይቶ መማር የሚቻልባት ቦታ ነበረችና። በዘመኑ የሰው ሬሳ መክፈት የተለመደ አልነበረም። ጋሌንም ስለ ሰውነት የተማረው አብዛኛውን ከዝንጀሮ፣ ከአሳማና ከፍየል ነው። ይህ በኋላ ትልቅ ጣጣ አምጥቷል፤ ወደ እሱ እመለሳለሁ።

በ157 ዓ.ም. የ28 ዓመት ወጣት ሆኖ ወደ ጴርጋሞን ተመለሰና የግላዲያተሮች ሐኪም ሆኖ ተሾመ። ግላዲያተሮች ማለት ሕዝብ እያያቸው በሰይፍና በጦር የሚጋደሉ ሰዎች ናቸው። ሥራውን ያገኘው በዋዛ አልነበረም። በከተማው ታላላቅ ሰዎች ፊት የዝንጀሮ ሆድ ከፍቶ አንጀቱን አወጣና በቦታው የነበሩትን ሐኪሞች እስቲ መልሱት አላቸው። የደፈረ አልነበረም፤ እሱ ራሱ መልሶ ሰፋው። ዛሬ ሲሰሙት የሚዘገንን ነገር ነው፤ በዚያን ጊዜ ግን እንደ ሥራ ፈተና ተቆጠረለት።

በዚህ ሥራ ላይ ለአራት ዓመታት ያህል ቆየ። ከእሱ በፊት ከነበሩት ሐኪሞች ጋር ሲነጻጸር በእሱ እጅ የሞቱት እጅግ ጥቂት እንደሆኑ በኩራት ጽፏል። ቁስሉን በወይን ጠጅ የተነከረ ጨርቅ ይሸፍናል፤ ጨርቁ እንዳይደርቅም ቀንና ሌሊት ያስጠብቃል። እርጥበት የሚይዝ ነገር ለቆዳ ምን እንደሚያደርግ በእጁ ያየው እዚያ ነው። የቅባቱን ነገር ስናነሳ ይህንን አስታውሱልኝ።

ወደ ሮም

በ162 ዓ.ም. ጋሌን ወደ ሮም ሄደ። ኤውዴሞስ የሚባል አዛውንት ፈላስፋ በወባ መሰል ትኩሳት ተይዞ ሌሎች ሐኪሞች ተስፋ ሲቆርጡበት፣ ጋሌን ትኩሳቱ መቼ እንደሚመለስና መቼ እንደሚተው አስቀድሞ ተናግሮ አዳነው። ይህ ወሬ በከተማው ተዛመተ። ቀጥሎ በአደባባይ በሕይወት ያለ አሳማ አስሮ ከጉሮሮ አጠገብ ያለውን ቀጭን ነርቭ ቆረጠ። ሲጮህ የነበረው እንስሳ በአንዴ ጸጥ አለ። ድምፅ የሚታዘዘው ከአንጎል መሆኑንና ትእዛዙ በነርቭ እንደሚሄድ በዚህ መንገድ አሳየ። ከልብ ነው የሚሉ ፈላስፎችም ነበሩና ክርክሩ ጦፈ።

ዝናው ሲጨምር ጠላቶቹም በዙ። በ166 ዓ.ም. ከሮም ወጥቶ ወደ አገሩ ተመለሰ። እሱ ምክንያቱ የተቀናቃኞቹ ምቀኝነት ነው ይላል። ሆኖም በዚያው ወቅት ትልቅ ወረርሽኝ ወደ ሮም እየገባ ስለነበር፣ ሽሽት ነው የሚሉ ጸሐፊዎችም አሉ። ብዙም አልቆየ፤ ነገሥታቱ ማርከስ ኦሬሊየስና ሉሺየስ ቬረስ ለጦርነት ከሰፈሩበት ከአኲሌያ ጠሩት። እዚያም ወረርሽኙ ጠበቃቸው፤ ቬረስ በ169 ዓ.ም. ሞተ። ማርከስ ኦሬሊየስ ጋሌንን ወደ ጦር ግንባር ይዞት ሊሄድ ፈልጎ ነበር። ጋሌን ግን አስክሊፒዮስ አትሂድ ብሎኛል ብሎ አስፈቀደና ሮም ውስጥ የንጉሡን ልጅ የኮሞደስን ጤና እየተከታተለ ቀረ። ብዙ መጻሕፍቱን የጻፈው በእነዚህ ዓመታት ነው።

በሰው ወሬ አለመታመን

ለእኛ ለኬሚስትሪ ተማሪዎች የጋሌን ትልቁ ትምህርት ያለው እዚህ ጋ ይመስለኛል። ጋሌን መድኃኒት የሚቀምመው ራሱ ነው፤ ጥሬ ዕቃውንም ከነጋዴ ቃል አይቀበልም። ወደ ቆጵሮስ ሄዶ የመዳብ ማዕድን ጉድጓድ ገብቶ ማዕድናቱን ከምንጫቸው ሰብስቧል። ወደ ሙት ባሕር አካባቢም ተጉዟል።

የሌምኖስ ደሴት ጉዞው ደግሞ የሚያስቅ ነው። በደሴቲቱ ለመድኃኒት የሚሆን ቀይ አፈር ይወጣል፤ አፈሩ ተለንቅጦ እንደ ኪኒን ይጠፈጠፍና ማኅተም ይመታበታል። ጋሌን ወደ ሮም ሲሄድ በመንገዱ ሌምኖስ ወረደ። ከወረደ በኋላ ነው አፈሩ ያለው በሌላኛው የደሴቲቱ ከተማ መሆኑን ያወቀው። የመርከቡ አለቃ ደግሞ አልጠብቅም አለ። ሌላ ሰው ቢሆን ከገበያ ገዝቶ ይገላገል ነበር። እሱ ግን ከሮም ሲመለስ በዚያው በኩል ዞሮ በትክክለኛው ወደብ ወረደ። የቀድሞው የመድኃኒት ሊቅ ዲዮስቆሪዲስ አፈሩ በፍየል ደም ይለወሳል ብሎ ጽፎ ነበርና ጋሌን ይህንኑ የደሴቲቱን ሰዎች ጠየቃቸው። ሳቁበት። ደም የሚባል ነገር የለበትም። በአንድ ጉዞ የታላቅ ሊቅ ስሕተት ታረመ ማለት ነው።

ከዚህ የሚብሰውም አለ። ጋሌን ወጣት እያለ መድኃኒትን በማስመሰል የሚታወቅ አንድ ሰው ነበር። ጋሌን ብዙ ገንዘብ ከፍሎ የማስመሰሉን ጥበብ ከዚህ ሰው ተማረ። የተማረው ሊያታልል ሳይሆን እንዳይታለል ነው። ክፉ ሰዎች እንዳይጠቀሙበትም ዘዴውን በመጽሐፉ ላለመጻፍ ወሰነ። በእኛ ገበያ ሰም ውስጥ ሞራ ወይም ፓራፊን የሚቀላቅሉ እንዳሉ ስናስብ ነገሩ ሩቅ አይደለም። ንጹሕ የንብ ሰም የሚቀልጠው ከ62 እስከ 64 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ባለው ውስጥ ነው፤ የአሲድ መጠን ቁጥሩም ባብዛኛው ከ17 እስከ 24 ነው። የእኛ ቡድን ከሁለቱ አንዱን እንኳን አልለካም ነበር። ሰሙ ከጓደኛችን እናት ስለመጣ ብቻ አመንነው።

ቅባቱ

እንግዲህ ወደ ቅባቱ እንምጣ። ጋሌን የሕክምና ዘዴ በተባለው ትልቅ መጽሐፉ ውስጥ፣ በአሥረኛው ክፍል፣ ለረጅም ጊዜ በትኩሳት ሰውነታቸው ስለሚደርቅ ሕመምተኞች ይጽፋል። እነዚህን ሰዎች ለማቀዝቀዝ አንድ ቅባት ያዝዛል። ነጭ የንብ ሰም ይወሰዳል፤ የሰሙን ሦስት ወይም አራት እጥፍ የጽጌረዳ ዘይት ይጨመርበታል። ውሃ ላይ በተጣደ ዕቃ ቀልጦ ይዋሃዳል። ከቀዘቀዘ በኋላ በጣም ቀዝቃዛ ውሃ በጥቂት በጥቂቱ እየተጨመረ፣ ቅባቱ ሊይዝ እስከቻለው ድረስ ይታሻል። ትንሽ ጥሩ ኮምጣጤ ከተጨመረበት የበለጠ ያቀዘቅዛል።

እዚህ ላይ አንድ የተለመደ ስሕተት ላርም። ብዙ ሰው የጋሌን ቅባት በጽጌረዳ ውሃ ይሠራል ይላል። የእሱ ጽጌረዳ ግን ያለው በዘይቱ ውስጥ ነው፤ አበባው የወይራ ዘይት ውስጥ ተዘፍዝፎ የሚገኝ ዘይት ነው። የጽጌረዳ ውሃ በማጣራት ማውጣት የተስፋፋው ከእሱ ብዙ መቶ ዓመታት በኋላ በእስልምናው ዓለም ነው።

አሁን ኬሚስትሪውን እንመልከት። ዘይትና ውሃ የማይስማሙ መሆናቸውን ለመናገር ኬሚስት መሆን አያስፈልግም። ለማስማማት ሽማግሌ ያስፈልጋል። ጥሩ ሽማግሌ ደግሞ ከሁለቱም ወገን ዘመድ ያለው ነው። ኢመልሲፋየር ማለት ይኸው ነው፤ ሞለኪውሉ በአንድ ጫፉ ውሃ ይወዳል፣ በሌላው ጫፉ ዘይት ይወዳል። በእንቁላል አስኳልና በአኩሪ አተር ውስጥ ያለው ሌሲቲን እንዲህ ያለ ነው። ከሱፍ የሚወጣው ላኖሊንም ብዙ ውሃ የመያዝ ችሎታ አለው፤ ግሪኮችና ሮማውያንም ሱፍ አጥበው የሚያወጡትን ስብ ለቅባት ይጠቀሙ ነበር። የግራር ሙጫ ደግሞ በዘይቱ ጠብታዎች ዙሪያ ሽፋን ሠርቶ እርስ በርስ እንዳይቀላቀሉ ይከላከላል።

የንብ ሰምስ? የንብ ሰም ብቻውን ደካማ ሽማግሌ ነው። አብዛኛው ክፍሉ ኤስተር ነው፤ ከዚያ ውጭ ከመቶ 12 እስከ 15 የሚሆን ነፃ የሰባ አሲድ አለው። ቅባቱ ሲቀዘቅዝ የሰሙ ጥቃቅን ክሪስታሎች እንደ መረብ ሆነው የውሃውን ጠብታዎች ይይዛሉ። ይህ መያዝ እንጂ ማስታረቅ አይደለም። ትንሽ ሙቀት ሲያገኝ መረቡ ይላላል፤ ውሃውም ይወጣል።

በዚህ ጊዜ ነው ነገሩ የገባኝ። ጋሌን የፈለገው ይህንኑ ነበር! ቅባቱ የሚያቃጥል ቆዳ ላይ ሲደረግ ይላላል፤ የተያዘው ውሃ ይለቀቃል፣ ይተናል። ውሃ ሲተን ደግሞ ሙቀት ይወስዳል፤ ስለዚህ ሕመምተኛው ይቀዘቅዛል። ዘይቱና ሰሙ በቆዳው ላይ ይቀሩና ከመድረቅ ይጠብቁታል። በዛሬው ጊዜ ይህን የመሰለ ቅባት ኮልድ ክሬም የሚባለው በዚሁ በማቀዝቀዙ ምክንያት ነው። እኛ ጉድለት ብለን ያዘንንበት መለያየት ለእሱ የመድኃኒቱ ሥራ ነበር። ሐኪሙ አዘጋጅቶ፣ ሕመምተኛው አጠገብ ሆኖ፣ ለዚያ ቀን ይጠቀምበታል። መሳቢያ ውስጥ ሁለት ሳምንት እንዲቀመጥ አላዘዘም።

ውበትን መጠበቅና ውበትን ማስመሰል

ጋሌን ስለ መዋቢያም ጽፏል፤ ግን እያመነታ ነው። በአንድ በኩል የቆዳን፣ የጸጉርንና የጥርስን የተፈጥሮ ጤና መጠበቅ የሕክምና አካል ነው ይላል። በሌላ በኩል የሌለ ውበት እንዳለ የሚያስመስለውን ሥራ ከሕክምና ለይቶ ያስቀምጠዋል፤ ፊትን በቀለም ከሚገባው በላይ ነጭ ማድረግን ይህ ሁለተኛው ክፍል ውስጥ ይመድበዋል። ይሁን እንጂ ቤተ መንግሥት የሚሠራ ሐኪም ነገሥታትና እመቤቶች ሲያዙት እምቢ ማለት እንደማይችል አይሸሽግም። ስለዚህ የንጉሥ ትራጃን ሐኪም የነበረው ክሪቶን በአራት መጻሕፍት ከሰበሰባቸው የመዋቢያ ቀመሮች ብዙውን በራሱ መጽሐፍ አስገብቷል፤ የክሪቶን መጽሐፍ ስለጠፋ ዛሬ የምናውቀው ባብዛኛው በጋሌን በኩል ነው።

በዚያን ዘመን ፊት ለማንጣት ይውል የነበረው ዋናው ነገር ነጭ እርሳስ ነበር። የሚሠራውም የእርሳስ ብረት በኮምጣጤ እንፋሎት ውስጥ ተቀምጦ በሚወጣበት ነጭ ዱቄት ነው። ልብ በሉ፤ እርሳስ ከምድር ይወጣል፣ ኮምጣጤ ከወይን ይገኛል። ሁለቱም የተፈጥሮ ናቸው። ውጤቱ ግን መርዝ ነው። እኛ ብልቃጣችን ላይ በትልቁ የጻፍነው ቃል ይህንን ሁሉ አይለይም።

እሳቱ

ጋሌን ወርቅ፣ ብር፣ መድኃኒት፣ መሣሪያና መጻሕፍት የሚያስቀምጥበት መጋዘን ሮም ውስጥ በቅዱስ ጎዳና ላይ ነበረው። ቦታው በወታደር ስለሚጠበቅ አስተማማኝ ይባል ነበር። በ192 ዓ.ም. ትልቅ እሳት ተነሣና አካባቢውን በላው። የጋሌን መጋዘንም አብሮ ተቃጠለ። ዕድሜ ልኩን ከብዙ አገር የሰበሰባቸው የመድኃኒት ቀመሮች፣ ራሱ በሰም ሞዴል ሠርቶ ያስቀረጻቸው መሣሪያዎችና የራሱ ድርሰቶች አመድ ሆኑ። የሚያሳዝነው፣ የመጻሕፍቱን ቅጂ በበጋው መጀመሪያ ወደ ካምፓኒያ ሊያዛውር አስቦ ነበር፤ እሳቱ የቀደመው በሁለት ወር ነው።

ስለዚህ ኀዘን የጻፈው ደብዳቤ ለብዙ መቶ ዓመታት ጠፍቶ ቆይቶ፣ በ2005 ዓ.ም. በግሪክ አገር ተሰሎንቄ ከተማ ባለ አንድ ገዳም ውስጥ በእጅ ጽሑፍ ተገኘ። በደብዳቤው ውስጥ ጋሌን እንዴት እንዳልተሰበረ ያስረዳል። ከ60 ዓመት ያለፈው ሽማግሌ እጁን አጣጥፎ አልተቀመጠም፤ የቻለውን ከማስታወሻና ከወዳጆቹ ቅጂ እየለቀመ እንደገና ጻፈ። ዛሬ በእጃችን ያሉት ትላልቆቹ የመድኃኒት ቅመማ መጻሕፍቱ ከእሳቱ በኋላ የተጻፉ ወይም እንደገና የተጻፉ ናቸው። እኔ በበኩሌ ላብ ሪፖርቴ ስለጠፋ ብቻ ሥራውን ልተወው የነበርኩ ሰው ስለሆንኩ ይህን ሳነብ አፈርኩ።

ከሞቱ በኋላ

ጋሌን በ216 ዓ.ም. አካባቢ እንደሞተ ይገመታል። ከእሱ ጽሑፎች የተረፉት በ19ኛው ክፍለ ዘመን ጀርመን አገር ሲታተሙ 20 ቅጽ ሆነዋል። በ9ኛው ክፍለ ዘመን ሁነይን ኢብን ኢስሐቅ የተባለው ክርስቲያን ሊቅና ባልደረቦቹ ባግዳድ ውስጥ ከመቶ የሚበልጡ ሥራዎቹን ወደ ሶርያኛና ወደ ዐረብኛ ተረጎሙ። ዐረቦች ጃሊኑስ ይሉታል። ከዚያም በላቲን በኩል ወደ አውሮፓ ገባ።

ችግሩ ግን ሰዎች ከጋሌን የወረሱት መጽሐፉን እንጂ ጠባዩን አለመሆኑ ነው። እሱ ሌምኖስ ድረስ ሄዶ ዲዮስቆሪዲስን አረመ፤ ተከታዮቹ ግን እሱን ለማረም 1300 ዓመት ገደማ ፈጀባቸው። ከእንስሳ አይቶ ለሰው የጻፋቸው የአካል ክፍሎች እንደ እውነት ሲነበቡ ኖሩ። በ1543 ዓ.ም. ቬሳሊየስ የሰው ሬሳ መርምሮ መጽሐፉን ሲያሳትም ነው ብዙው የታረመው።

ቅባቱም የራሱን ጉዞ ሄዷል። የፈረንሳይ ፋርማሲስቶች በጋሌን ስም እየጠሩ ሲሠሩት ኖረዋል። በ19ኛው ክፍለ ዘመን ቦራክስ ተጨመረበት። ቦራክስ ውሃ ውስጥ ሲሟሟ የሰሙን ነፃ አሲድ ወደ ሶዲየም ሳሙና ይለውጠዋል፤ ሳሙናው ደግሞ እውነተኛ አስታራቂ ነው። የአሲድ መጠን ቁጥሩ 20 የሆነ 100 ግራም ሰም ሙሉ በሙሉ ለመለወጥ ወደ 6.8 ግራም ቦራክስ ያስፈልጋል፤ ስሌቱን እናንተም ሞክሩት። ከዚያ ወዲህ ነው ክሬሙ በሱቅ መደርደሪያ ላይ ወራት መቆየት የቻለው።

የሚገርመው ነገር፣ የዓለም ትልቁ የቦሮን ክምችት ያለው በቱርክ ነው፤ ከማዕድን ቦታዎቹ አንዱ የሆነው ቢጋዲች ከጋሌን የትውልድ ከተማ ብዙም አይርቅም። እሱ ያላገኘው አስታራቂ እግሩ ሥር ነበር ማለት ይቻላል። ቦራክስም እንግዲህ ከምድር የሚቆፈር ማዕድን ነው። የተፈጥሮ ነው ብለን ያለ ልክ እንጠቀምበት? አይሆንም። በአውሮፓ ሕግ ቦራክስ የመራባት ጤናን ከሚጎዱ ነገሮች ውስጥ ተመድቧል። ለዚህ ነው ዛሬ ብዙ አምራቾች ወደ ሌሎች ኢመልሲፋየሮች የዞሩት። ከእነዚህ አንዳንዶቹ ከአትክልት ዘይትና ከስኳር በፋብሪካ የሚሠሩ ናቸው። ታዲያ እነዚህን ከተፈጥሮ ወገን እንመድባቸው ወይስ ከሰው ሠራሽ? ወሰኑ እኛ ብልቃጥ ላይ እንደጻፍነው ቀጥ ያለ አይደለም።

ማጠቃለያ

ወደ መጀመሪያው ጥያቄ ልመለስ። ጥፋቱ የጋሌን አልነበረም። እኛ ቀመሩን ወሰድን እንጂ ለምን እንደተሠራ አልጠየቅንም። ለአንድ ቀን የተሠራን መድኃኒት የሁለት ሳምንት መዋቢያ አደረግነው። ውሃ ያለበት ነገር ሁሉ ረቂቅ ተሕዋስያን እንደሚያበቅል በሁለተኛ ዓመት ተምረናል፤ ግን የተፈጥሮ የሚለው ቃል አስረሳን። በተፈጥሮ ኢመልሲፋየር መሥራት ስሕተት ነው ማለቴ አይደለም። አገራችን በሰም ምርት ከዓለም ቀዳሚዎቹ ተርታ የምትሰለፍ፣ ሙጫውም ያላት ናት፤ በዚህ ላይ የሚሠራ ተማሪ ብዙ ያተርፋል። ግን ሰሙን ይለካ፣ ጥንካሬውንና ድክመቱን ይወቅ፣ ለስንት ቀን እንደሚቆይ ይፈትሽና ይጻፍበት።

እኛ ሥራውን ደግመነዋል። ሰሙን በመጀመሪያ ለካነው። ከዚያ አንዱን ብልቃጥ በጋሌን መንገድ፣ በፈላና በቀዘቀዘ ውሃ፣ በጥቂቱ ሠርተን ማቀዝቀዣ ውስጥ አስቀመጥነው፤ ከሦስት ቀን በኋላ የተረፈውን ጣልነው። ሌላውን በሌሲቲን ሞክረነው የተሻለ ቆይቷል፤ እሱም ግን መከላከያ ካልተጨመረበት ይሻግታል። የጓደኛችን ፊት በሳምንቱ ድኗል። ይቅርታ ጠይቀናታል፤ እሷም ይቅር ብላናለች። አዲሱን ቅባት ግን አልተቀባችም። ውጤቱን አሳዩኝና አየዋለሁ ብላናለች። ጋሌን ቢሰማ የሚደሰት ይመስለኛል።

ቸር ይግጠመን።